“ለመታከም ፈቃደኛ አይደለም” የሚለው ይሰረዝልን

ይድረስ ለከተማችን የጤና አገልግሎት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ በወንድሜ የሕክምና ካርድ ላይ ስለተጻፉ ሦስት ቃላት

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ ለእርስዎ የምጽፈው አራተኛ ደብዳቤ ነው። ሦስቱን መዝገብ ቤት ተቀብሎ ማህተም መትቶልኛል። ቅጂያቸው እጄ ላይ ነው። መልስ ግን የለም። ቢሮዎ አምስት ጊዜ ተመላልሼ አምስቱንም ጊዜ “ስብሰባ ላይ ናቸው” ተባልኩ። ስለዚህ ይሄኛውን ሰው ሁሉ ያንብበው ብዬ ጻፍኩት።

ወንድሜ 38 ዓመቱ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ወደ ፒያሳ በእግሩ ነው የሚመጣው። መንገዱ ላይ ግሮሰሪ አለ፣ ድራፍት ቤት አለ፣ ጓደኞቹም እዚያው ናቸው። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የሚጠጣው። በኋላ ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ የጫማውን ክር ማሰር የማይችል ሆነ። እማዬ ሁለት ጊዜ ጠበል ወሰደችው። ሦስት ሳምንት ደህና ይሆንና ይመለስበታል። በመጨረሻ “አሳክሙኝ” ያለው ራሱ ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ። ማንም ጎትቶ አልወሰደውም።

ሕክምና ቦታው ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም ይችላል። ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ እየተመላለሱ አዩት። እግዜር ይስጣቸው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምን ያህል እንደሚጠጣ ጠይቀውታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን 10 ጥያቄ ያለውን መጠይቅ አስሞልተውታል። ከማን ጋር እንደሚጠጣ፣ ሲናደድ ምን እንደሚሆን ግን የጠየቀው የለም። ያለው አንድ የቡድን ምክር ብቻ ስለሆነ የገባ ሁሉ እዚያው ይመደባል። ወንድሜ ቁጡ ሰው ነው። በሰው ፊት ሲነኩት አይችልም። በሁለተኛው ቀን አማካሪው በ15 ሰው ፊት “እናትህን ያስለቀስካት አንተ ነህ፣ እመን!” አለው። ተነሥቶ ጮኸ። በሩን በርግዶ ወጣ። በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመለስ ካርዱ ላይ “ለመታከም ፈቃደኛ አይደለም” ተብሎ ተጽፏል። ቦታህ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አሉት። ያን ዕለት ማታ ሰክሮ መጣ።

ክቡር ኃላፊ፣ ታካሚ ስለ ሕክምናው ሊነገረው፣ ሐሳቡም ሊጠየቅ እንደሚገባ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ አጥቼ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

አሜሪካ ውስጥ ስለ መጠጥ ሱስ ሕክምና ፕሮጀክት ማች የሚባል ትልቅ ጥናት ተሠርቷል። ዋና ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። 1,726 ሰዎች በሦስት ዓይነት ምክር ታክመዋል። አንዱ ለመጠጥ የሚገፋፋውን ነገር መለየትና መቋቋም ያስተምራል። ሌላው ከመጠጥ ወደ ወጡ ሰዎች ማኅበር ያስገባል። ሦስተኛው ሰውዬው ለምን መለወጥ እንደሚፈልግ ከራሱ አፍ እንዲወጣ ያደርጋል፤ አይቆጣውም፣ አይከራከረውም። በጥቅሉ ሲታይ ሦስቱም ተቀራራቢ ውጤት አመጡ። “እንግዲያው የትም ቢመደብ ያው ነው” እንዳይሉኝ። በተመላላሽነት ከታከሙት መካከል ቁጡ የሆኑት በሦስተኛው የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ጓደኞቹ ሁሉ ጠጪ የሆኑበት ሰው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታይ ማኅበሩ የበለጠ ጠቅሞታል።

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። የእኔ ወንድም ቁጡ ነው፣ ጓደኞቹም ሁሉ ጠጪ ናቸው። መጀመሪያ ማንም ሳይጮህበት ለብቻው የሚያዳምጠው ሰው፣ ቀጥሎ ደግሞ ከግሮሰሪው ሌላ የሚሄድበት ቦታ ነበር የሚያስፈልገው። ሁለቱንም የጠየቀለት የለም።

በጀት የለም እንደሚባል አውቃለሁ፤ በቃል ነግረውኛል። ታዲያ ያ ሦስተኛው ምክር ስንት ጊዜ ነው? በ12 ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ። ሌሎቹ ሁለቱ 12 ጊዜ ነበሩ። አራቱ በውጤት ከ12ቱ ብዙም አላነሱም። አራት ጊዜ ለብቻው ቁጭ ብሎ የሚያናግር ሰው አጥተን ነው ወንድሜ በር የተዘጋበት?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰው ቡድን ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ ባለሙያ ግማሽ ሰዓት ያናግረው። ቡድኑ ያልሆነለት ሌላ ምርጫ ይኑረው። ተናዶ የወጣ ሰው ይደወልለት እንጂ በዚያው ቀን ፋይሉ አይዘጋ። እነዚያ ሦስት ቃላት ደግሞ ይሰረዙ፤ ውሸት ናቸውና። ሌላ ቦታ ልናሳክመው ስንሄድ መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው፤ እንደ ክስ ይከተለዋል።

ትናንት ማታ ወንድሜን “እንደገና ብትጠየቅ ትሄዳለህ?” አልኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ “የማይጮህብኝ ሰው ካለ እሄዳለሁ” አለኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚያው ካርድ ክፍል መስኮት ፊት እንቆማለን። እባክዎ ከዚያ በፊት ለሕክምና ቦታው ሰዎች ስልክ ይደውሉላቸው።

እህቱ ነኝ፣ ከፒያሳ