ከቢላው በፊት አልትራሳውንድ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጅማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ጡት ካንሰር ስትጽፉ "ቶሎ ተመርመሩ" ትላላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። ሴቶቹ ከአጋሮም ከሊሙም እየመጡ ነው። ከመጡ በኋላ ምን እንደሚደረግላቸው ግን ብዙም አይወራም። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አክስቴ የጡት ካንሰር ታማ ኦፕራሲዮን ስትሆን ብብቷም አብሮ ተጠረገ፤ ንፍፊቶቹ ወጡ። ሲመረመሩ አንዱም ላይ ካንሰር አልተገኘም። በሽታው አልተመለሰባትም፣ ተመስገን። ንፍፊቶቹ በመውጣታቸው ግን ቀኝ ክንዷ አብጦ ቀረ። የቀሚሶቿን አንድ እጅጌ ተርትራ በሌላ ጨርቅ አስፍታዋለች። ጀበና ማንሳት ስለሚከብዳት ቡና የምትቀዳው ልጇ ናት። አክስቴ ቡና ሳትቀዳ ማየት እንዴት እንደሚከብድ ጅማ ያደገ ያውቀዋል።

ብብትን በአልትራሳውንድ አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ጤነኛ ንፍፊት እንደ ባቄላ ሞላላ ነው፣ መሃሉ ነጣ ይላል። የሚያጠራጥረው ይከብባል፣ ጠርዙ ይወፍራል፣ የመሃሉ ንጣት ይጠፋል። ያኔ እዚያው ስክሪኑን እያዩ በመርፌ ናሙና መውሰድ ነው።

ከጣሊያን ተነስቶ በሌሎች አገሮችም የተካሄደ፣ ሳውንድ የተባለ ጥናት ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ዕጢያቸው እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነና ብብታቸው በአልትራሳውንድ ንጹህ የታየ 1,405 ሴቶችን ተከታትሏል። ግማሾቹ ብብታቸው ጨርሶ አልተነካም። ከ5 ዓመት በኋላ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ሳይዛመት በሕይወት የቆዩት ከእነሱ 98.0 በመቶ፣ ከብብታቸው ንፍፊት ከተወሰደላቸው ደግሞ 97.7 በመቶ ናቸው። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

ይህን እንዳለ እንገልብጥ አልልም። እነዚያ ሴቶች በጊዜ የደረሱ ናቸው፤ አብዛኞቹም የጨረር ሕክምና አግኝተዋል። እኛ ጋ ብዙዎች የሚመጡት ዕጢው ካደገ በኋላ ነው፤ ካንሰሩ ብብት ከገባ ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ያስፈልጋል። እኔ የምለው፣ ሳይታይ አይቆረጥ ነው።

ወጣቶቹ ላይማ ነገሩ ይብሳል። በሃያዎቹ ዕድሜ ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። በዚያ ዕድሜ ጡት ጥቅጥቅ ስለሚል ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ በደንብ አያሳይም፤ አልትራሳውንድ ግን ውኃ የቋጠረውን ከጠጣሩ ይለያል። የቋጠረው በመርፌ ይቀዳል፣ ከጠጣሩ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ብዙ ልጅ ኦፕራሲዮን ክፍል ሳትገባ ቤቷ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ጤና ጣቢያዎች ያለን አልትራሳውንድ ለእርግዝና የመጣ ነው። ፕሮቡ፣ ማለትም ሰውነት ላይ የሚደረገው የማሽኑ ክፍል፣ ፊቱ ክብ ነው፤ ጥልቅ ያለውን ያያል እንጂ ጡትን አጥርቶ አያሳይም። ለጡት ሊኒየር የሚባለው፣ ፊቱ ጠፍጣፋው ፕሮብ ያስፈልጋል። ብዙ ማሽኖች ላይ ፕሮቡን ብቻ ገዝቶ መሰካት ይቻላል። የዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤትና ማሽን የሚለግሱን ድርጅቶች የሚቀጥለውን ግዥ ሲያዘጋጁ ይህን ያስገቡልን። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የራዲዮሎጂ ሐኪሞች እየመጡ ቢያሠለጥኑን፣ እኛ ደግሞ የሚያጠራጥረውን ለይተን ቶሎ እንልክላቸዋለን። ቅዳሜም ቢሆን ለመማር ዝግጁ ነን።

አዋላጅ ነርስ፣ ከጅማ