ትለምደዋለች አትበል

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ተሽሎኛል።

እህትህ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ባለፈው ወር እዚያ አሜሪካ ከአናፖሊስ በጀልባ ወጥታችሁ ምራቴን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሳት እንደነበር፣ ትንሿም እናቷን እያየች ስታለቅስ እንደነበር ሰማሁ። አንተ ደግሞ ጀልባህን ሸጠህ ሰፋ ያለች ልትገዛ፣ ሥራህንም ትተህ ሦስታችሁ ወደ ካሪቢያን ልትወርዱ አስበሃል አሉ። «እሷስ ምን አለች?» ብዬ ጠየቅኳት። «ትለምደዋለች ይላል» አለችኝ።

ልጄ፣ ትለምደዋለች አትበል። እኔ ብዬዋለሁ።

የላክህልኝን የሁለቱን ጀልባዎች ፎቶና ልካቸውን ሦስት ማታ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የመጀመሪያዋ ቤት ናት። 12 ሜትር ርዝመት፣ ከ4 ሜትር በላይ ወርድ፣ ከኋላ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሶፋ፣ ትልልቅ መስኮት። ምራቴ ገብታ «እዚህማ ይመቸኛል» ብትል አልፈርድባትም። ግን እሷ የገባችው ጀልባዋ በገመድ ታስራ ቆማ ሳለ ነው። የታሰረች ጀልባ ሁሉ ትመቻለች።

ሰፊና ቀላል ጀልባ እንደ ቡሽ ናት። ሞገዱ ሲነሣ ትነሣለች፣ ሲወርድ ትወድቃለች። ዘንበል ስትል ስፋቷ ወዲያው ያቃናታል። ያ ድንገት መቃናት ነው ሆድ የሚገለብጠው። ከባድና ጠበብ ያለችውም ታዘነብላለች፣ ግን ቀስ ብላ ነው። ሰውነት ቀስ ያለውን ይችላል። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። በባሕር ኃይላችን «ኢትዮጵያ» መርከብ ላይ ስሠለጥን ያወቅኩት ነው። 95 ሜትር ያህል ነበረች፣ አሜሪካኖች በ1954 ዓ.ም. የሰጡን። ከእሷ ወርደን ትንንሾቹ ጠባቂ ጀልባዎች ላይ ስንወጣ ልዩነቱን አንጀታችን ይነግረን ነበር። ምስኪን መርከብ፣ በ1983 ወደ የመን ሸሽታ እዚያው ቀረች።

የቴድ ብሩወርን ስሌት ታውቃለህ መሰለኝ፤ የጀልባ ነዳፊው። የጀልባዋን ክብደት በርዝመቷና በወርዷ ልክ አካፍሎ አንድ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከፍ ሲል የጀልባዋ መወዛወዝ ይዘገያል። እሱ ራሱ ለቀልድ ያህል እንደፈጠረው ተናግሯል፣ ሁለት ጀልባ ለማነጻጸር ግን ይጠቅማል። በእጄ ሠራሁት። ሰፊዋ 22 አካባቢ መጣች። ሁለተኛዋ፣ ክሪሎክ 37 ያልካት፣ 34። ወርዷ 3.3 ሜትር ብቻ ነው፣ ግን ከ7 ቶን በላይ ትመዝናለች፤ ከዚያም 2.8 ቶኑ ከሥሯ ያለው፣ ኪል የሚሉት ማረጋጊያ ነው። ውስጧ ጠባብ መሆኑ እውነት ነው። ልጅቷ ስታድግ ይጠባችኋል። ቢሆንም እኔ ብሆን እሷን ነው።

ካታማራን፣ ያ ጎን ለጎን ሁለት አካል ያለው ጀልባ፣ ይሻላል ያለህ ጓደኛህም አልተሳሳተም። አያዘነብልም፣ ስኒም አይወድቅበትም። ግን መንቀጥቀጡ አጭርና ድንገተኛ ነው፣ ዕቃ ከበዛበትም ሞገዱ ከሥሩ እየመጣ ይደበድበዋል። አንዳንድ ሰው ይስማማዋል፣ አንዳንዱን ያሳምመዋል። እሷን የትኛው እንደሚስማማት አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ለዚህ ነው ትለምደዋለች አትበል የምልህ።

አሁን የማወራህን ለእህትህ አትንገር። እኔ ራሴ እነግራታለሁ።

የእናትህን የግራ እጅ ታስታውሳለህ። እንጀራ ስታወጣ ሰፌዱን በቀኟ ብቻ ነበር የምትይዘው። ከደረጃ ወድቃ ነው ብለንሃል። ደረጃ አልነበረም።

1979 ነው፣ ምጽዋ። ከተጋባን ስምንት ወራችን። ዳህላክን ላሳያት ብዬ ከአንድ ጓደኛዬ ጀልባ ተዋስኩ። ሰፊ፣ ቀላል፣ ቀለሟ የሚያምር። አንድ ሽማግሌ ናኾዳ፣ የጀልባ አዛዥ፣ «ከቀትር በኋላ ነፋስ አለ፣ ዛሬ ይቅርብህ» አለኝ። እኔ የባሕር ኃይል ሰው ነኝ፣ አልሰማሁትም። ነፋሱ እንዳለው መጣ። እናትህን ሆዷ ባዶ እስኪሆን አስመለሳት። «እንመለስ» አለችኝ። «ትለምጂዋለሽ» አልኳት። እንደገና አለችኝ፣ እንደገና መለስኩላት። ሦስተኛውን በጩኸት ነው የመለስኩላት። ምን ልበልህ፣ አፍሬባት ነበር። የባሕር ኃይል ሰው ሚስት እንዲህ ትሆናለች ብዬ። ልትነሣ ስትል የምትይዘው ነገር አልነበረም፣ ጀልባዋ ወደቀች፣ እጇ ከሥሯ ሆነ። የደረጃውን ነገር ለእናቷ ያወራችው እሷ ናት። አንድ ቀን እንኳ ለሰው አልነገረችብኝም።

ከዚያ ወዲህ ውሃ ላይ አልወጣችም። እዚህ ጣና ዳር ስንት ዓመት ስንኖር ናርጋ ሥላሴን መሳለም ትመኝ ነበር። ደቅ ደሴት ላይ ነው፣ ያለ ጀልባ አይኬድም። ሐይቁ እንደ መስተዋት በሆነ ጠዋት «ነይ እንሂድ» ስላት «አንተ ተሳለምልኝ» ትላለች። ሳታየው ሞተች። ነፍሷን ይማር።

እና የኔ ጌታ፣ ከመፈረምህ በፊት ነፋስ ባለበት ቀን ሁለቱንም ጀልባ አስወጣቸው፣ ምራቴም ትኑር። የምትኖሩበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጥልቀቱ በአማካይ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ እሷንም ያሳመማት እሱ ይሆናል። መሪውን ስጣት፣ ዓይኗን አድማስ ላይ ታድርግ። ታች ወርዳ ሻይ ታፍላ። ምድጃው ከጀልባዋ ጋር ይወዛወዛል ወይ? እጇን ዘርግታ በየእርምጃው የምትይዘው አለ ወይ? አልጋው መሐል፣ ዝቅ ብሎና ጠበብ ብሎ፣ በጎኑ የሸራ መከለያ አለው ወይ? የኋላው ሰፊ አልጋ ለወደብ ነው፣ ባሕር ላይ ማንንም አያስተኛም። ክሪሎኳ ጥልቅና አጠር ያለ ኪል ያላቸው ሁለት ዓይነት ስላላት የትኛዋ እንደሆነች ጠይቅ፤ ለእናንተ ውሃ አጭሩ ይሻላል። ባለሙያ መርማሪ አንተ ቅጠር፣ ሻጩ የሚያመጣልህን አትቀበል። የጋዙ ሲሊንደር ያለበት ሳጥን ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይኑረው፣ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ ከወለሉ ሥር ይተኛል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት በፈረንጆቹ እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ ከዚያ በፊት እንዳትወርዱ።

የልጅቷን የሕይወት ጃኬት በአሁኑ ክብደቷ ግዛ። ታድጋለች ብለህ ሰፊ እንዳትገዛላት። እናትህ ጫማህን እንደዚያ ትገዛ ነበር፣ ጃኬቱ ግን ሰፊ ከሆነ በራሷ ላይ ሾልኮ ይወጣል።

ሞክራችሁ «አልፈልግም» ካለችህም ስማት። ካሪቢያን የትም አይሄድም። ትለምደዋለች አትበል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን ለምራቴ ስጣትና አንተ ትንሿን ይዘህ ውጣ። ለብቻዋ ላነጋግራት እፈልጋለሁ።

አባትህ