መስኮት ከመጨመር በፊት ማነቆውን መለየት

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የአገልግሎት ወረፋ ሲረዝም ኃላፊዎች አስቀድመው የሚያስቡት መስኮት መጨመርን ነው። በቅርቡ ተሰልፌ ያየሁት ግን ይህ መፍትሔ ብዙ ጊዜ ቦታውን እንደሚስት አሳይቶኛል። ሰነድ ተቀባዮቹ ሦስት፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ግን አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም ለማተሚያው ወረቀት ልታመጣ በየመሀሉ ትነሳለች፣ ፊርማ የጎደለውን ቅጽ እያገላበጠች ትመልሳለች። አረጋውያን ሳይቀሩ የተነሳችበትን ባዶ ወንበር እያዩ መቆማቸው በእጅጉ አሳዝኖኛል።

የማነቆ አስተዳደር እንደሚያስተምረው፣ የሥራውን ሁሉ ፍጥነት የሚወስነው ከሁሉም የዘገየው ደረጃ ነው። ሦስቱ ተቀባዮች በሰዓት 60 ሰው ቢያሳልፉና ገንዘብ ተቀባይዋ 30 ብቻ ብታስተናግድ፣ አራተኛ ሰነድ ተቀባይ መቅጠር ከእርሷ ፊት ያለውን ሰልፍ ከማስረዘም በቀር አንድም ሰው ቀድሞ እንዲወጣ አያደርግም። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ባረጋገጡት ቀመር መሠረት፣ አማካይ ጥበቃ የሚገኘው የቆሙት ሰዎች ብዛት በሰዓት ለሚያልፉት ሲካፈል ነው፤ ስለዚህ በሰዓት 30 ሰው በሚያልፍበት ቦታ ዘወትር 60 ሰው ከቆመ ጥበቃው በአማካይ 2 ሰዓት ነው።

ስለዚህ ቅጹ ከእርሷ ዘንድ ሳይደርስ ይጣራ፣ ወረቀቱን ሌላ ሰው ያቅርብላት፣ ለምሳ ስትወጣም ተተኪ ይመደብ፤ ማነቆው ላይ የባከነ ሰዓት በሌሎቹ መስኮቶች ትጋት አይካካስምና። ሁለተኛ ገንዘብ ተቀባይ መቅጠር የሚገባው ይህ ሁሉ ተደርጎ ወረፋው ካልቀነሰ ነው፤ ያን ጊዜም ማነቆው ወደ ሌላ ደረጃ ሊዛወር ስለሚችል ፍተሻው እንደገና መጀመር ይኖርበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተገልጋይ