የጨው ሳሙና ለምትሠሩ ደንበኞቻችን፦ ከጨው በፊት ዘይቱን ምረጡ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ኮምቦልቻ ሱቃችን ስትመጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ። «የጨው ሳሙና በኑግ ዘይት ይሠራል ወይ? ጨውስ ምን ያህል ይግባበት?» ቆመን የምንሰጠው መልስ ስለማይበቃ ይህን ጻፍንላችሁ።

ኑጉን ለወጥ አስቀሩት። የሱፍ ዘይትም እንደዚያው። ሳሙናቸው ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ የከረመ ዘይት ይሸታል። ዋናው ችግር ግን አረፋው ነው። ሳሙና ሠሪዎች ድሮም ሳሙናን ከውሃው ለመለየት ጨው ይጨምራሉ። ጨው ሲበዛ ሳሙና ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ካልሟሟ ደግሞ አረፋ አይወጣውም።

ከዚህ የሚያመልጠው የኮኮናት ዘይት ነው። ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ የሚባል የቅባት አሲድ ነው፤ ከእሱ የሚገኘው ሳሙና በጨዋማ ውሃም ይሟሟል። መርከበኞች በባሕር ውሃ የሚታጠቡበት ሳሙና ከኮኮናት ዘይት ይሠራ የነበረው ለዚህ ነው። ስለዚህ የጨው ሳሙና ስትሠሩ ከዘይታችሁ ቢያንስ 80 በመቶው ኮኮናት ይሁን። አረፋው እንዲቆይ ጥቂት የጉሎ ዘይት ጨምሩበት።

ኮኮናት ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ የምንሸጠው እኛው ነን። ግን እውነቱን እንንገራችሁ፤ አቅሙ ከሌለ ከሞራ ጥሩ ሳሙና ይወጣል፣ ጨው ሳታስገቡበት ሥሩት። ያለ ኮኮናት ጨው መጨመር ዘይቱንም ልፋቱንም ማባከን ነው።

ኮኮናት ብቻውን ቆዳ ያደርቃል። መፍትሔው ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገውን ኬሚካል፣ ኮስቲክ ሶዳውን መቀነስና 20 በመቶ የሚሆነውን ዘይት ሳይበላው እንዲቀር ማድረግ ነው። ለጀማሪ የምንሰጠው ልክ ይህ ነው፦ ኮኮናት 450 ግራም፣ ጉሎ 50 ግራም፣ ኮስቲክ ሶዳ 71 ግራም፣ ውሃ 150 ግራም፣ ጨው 250 ግራም።

እባካችሁ በዚህ ልክ ላይ ኮኮናቱን በኑግ አትተኩ። ኮኮናት ብዙ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል፣ ኑግ ትንሽ። በዚህ መጠን ኑግ ብታስገቡ ዘይቱ ሁሉ አልቆ እንኳ የሚበላው ኮስቲክ ሶዳ ከ67 ግራም ብዙም አያልፍም። የቀረው ኮስቲክ ሶዳ ሳሙናው ውስጥ ይቀራል፤ ቆዳ ያቃጥላል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ስሌቱም ይቀየራል። ሁሉንም በሚዛን ለኩ፣ በብርጭቆ አይሆንም።

የጨው መጠን የሚሰላው ከዘይቱ ክብደት ነው። 25 በመቶ ብታደርጉት አረፋው ብዙ ነው፣ ጨዉ ግን እምብዛም አይታወቅም። እስከ 100 በመቶ የሚያደርሱም አሉ፤ ሳሙናው ድንጋይ ይሆናል፣ አረፋውም ይቀንሳል። እኛ ደስ የሚለን 50 በመቶው ነው። ጥንካሬውም አረፋውም ይገኝበታል።

ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣው የወጥ ቤት ጨው ይበቃችኋል። አዮዲን አለው ብላችሁ አትስጉ፣ አብሽሩ። ደረቅና ደቃቅ ይሁን ብቻ፤ ሻካራ ጨው ቆዳ ይቧጭራል። ከፋርማሲ የሚገዛውን የማግኒዥየም ጨው ግን አታስገቡ፤ ሳሙናውን ያበላሸዋል።

አሠራሩ ላይ የምንፈራላችሁ አንድ ነገር አለ። በየቤታችን ያለው ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። የማይዝግ ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ተጠቀሙ። ሁልጊዜ ኮስቲክ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ፣ ውሃውን ወደ ኮስቲክ ሶዳው አይደለም። ጓንትና መነጽር አድርጉ። ልጆች አይጠጉ፣ መስኮት ይከፈት።

ኮኮናት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል። ከጦሳ ተራራ ሥር ያላችሁ የደሴ ደንበኞቻችን ማሰሮው ውስጥ ነጭ ሆኖ ብታገኙት አልተበላሸም፤ አሞቁት። የዘይቱና የኮስቲክ ሶዳው ውህድ እንደ አጥሚት ሲወፍር ጨዉን ጨምሩና ቶሎ አፍስሱት። በአንድ ትልቅ ቅርጽ ካፈሰሳችሁ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እየነካችሁ እዩት። ጠንከር ሲል ገና ሙቅ እያለ ቁረጡት፤ ካመለጣችሁ ቢላዋ ሲያርፍበት ይፈረካከሳል። ለዚህ ነው ለጨው ሳሙና ትንንሽ ቅርጾችን የምንመክረው።

ከዚያ አየር በሚያገኝ ቦታ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቀመጥ። ከዚያ በላይ ቢቆይ አረፋው ይሻሻላል።

ሌላ ዘይት መቀላቀል ካሰባችሁ መጠኑን በወረቀት ይዛችሁ ኑ። የኮስቲክ ሶዳውን ልክ አብረን እናሰላለን፤ ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳሙና ዕቃ ሱቃችሁ፣ ኮምቦልቻ