ረዳት ውሻው በቁስል ሕክምናው ዕቅድ ውስጥ ይጻፍ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በደብዳቤ ዓምዳችሁ ላይ አንድ አንባቢ ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ቤቱ ውስጥ ውሻ ማኖሩ በገዛ እጁ ራሱን ለበሽታ አሳልፎ መስጠት እንደ ሆነ፣ ረዳት ውሻ የሚባለውም፣ ማለትም አካል ጉዳተኛን ወይም ሕመምተኛን በዕለት ሥራው እንዲያግዝ የሠለጠነው ውሻ፣ አዲስ የመጣ ቅንጦት እንደ ሆነ ጽፈዋል። የተናገሩት ሁሉ ስሕተት ነው አልልም፤ ስለ ንጽሕና ያነሡት ስጋት መሠረት አለው፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። መደምደሚያቸው ግን ሥር የሰደደ ሕመምና ቶሎ የማይሽር ቁስል ይዞ የሚኖር ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚገፋ ካለማየት የመጣ መስሎ ስለ ተሰማኝ፣ እግሬ ላይ እንዲህ ያለ ቁስል፣ ወገቤና መገጣጠሚያዎቼ ላይ ደግሞ የማይለቅ ሕመም ይዤ ከረዳት ውሻ ጋር የምኖር እንደ መሆኔ መልስ ልሰጣቸው ወደድሁ።

ቅንጦት የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። መሪ ውሾችን በተደራጀ መልክ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1916 በጀርመን ኦልደንቡርግ ከተማ ሲሆን፣ ዓላማውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ወታደሮችን መርዳት ነበር። የአካል እንቅስቃሴ ችግር ላለባቸው ሰዎች ውሾችን የማሠልጠኑ ሥራም በአሜሪካ ከጀመረ እነሆ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየን ነገር አዲስ ማለት ይከብዳል።

ይልቅ ልንነጋገርበት የሚገባው ውሻው የሚሠራው ሥራ ነው። ሐኪሞች ከ3 ወር በላይ የቆየን ወይም እየተመላለሰ የሚነሣን ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው እንቅስቃሴውን ረጅም መንገድ እንደሚጠብቀው ተጓዥ ስንቅ ቆጥቦ ነው የሚጠቀምበት። ጤነኛ ሰው ቁልፍ ሲወድቅበት ጎንበስ ብሎ ያነሣል፤ ማንሣቱንም ወዲያው ይረሳዋል። ወገቡን የሚያመው ሰው ግን ያቺን አንዲት ጎንበስ ማለት ማታ ተኝቶ ይከፍላታል። ውሻዬ የወደቀ ነገር ታነሣለች፣ በር በገመድ ስባ ትከፍታለች፣ ስልኬን ታመጣለች፣ ካልሲዬንም ታወልቃለች። ካልሲውን ስታወልቅ የምትነክሰው ከጣቶቼ ፊት ትርፍ ሆኖ የሚንጠለጠለውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ያውም በደኅናው እግሬ በኩል። ፋሻ ወዳለበት እግር አፏን እንዳታስጠጋ ስለ ተሠለጠነች፣ በዚያ በኩል የምታመጣልኝ ረጅሙን የካልሲ ማውለቂያ ዘንግ ነው።

ቁስል ማጠቢያውንና ማሸጊያውን የማስቀምጥበት ሣጥን አለ። ክዳኑ ጠንካራ ነው፤ በአንድ ጎኑም የገመድ እጀታ ታስሮበታል። ውሻዬ ገመዱን ይዛ ሣጥኑን ወደ ወንበሬ ትጎትታለች እንጂ ጎዝ የታሸገበትን ወረቀት በአፏ አትነካም፤ ጥርስ የበሳው ወይም ምራቅ ያረጠበው እሽግ ንጹሕ ነው ተብሎ ቁስል ላይ አይደረግምና። ከዚያም ጥግ ላይ ወደ ተነጠፈላት ምንጣፍ ሄዳ ትተኛለች፣ እኔም እጄን በሳሙና ታጥቤ ፋሻውን እፈታለሁ። ቁስሉ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ከምንጣፏ አትነሣም። አሮጌው ጎዝ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል፤ እዥ የነካውን ጨርቅ ውሻ ጠረኑ ስቦት ሊያወጣው ይችላል፣ ቢውጠው ደግሞ አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። አዲሱ ፋሻ ታስሮ ሲያበቃ ስጠራት መጥታ ከደኅናው እግሬ ጎን ትጋደማለች። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት ኅብለ ሰረሰር ላይ በመዳሰስና በሌሎች ስሜቶች ሊዳከም እንደሚችል የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ንድፈ ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢሻሻልም፣ እጄን ፀጉሯ ውስጥ ሳስገባ የሚሰማኝን መለስ ማለት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ይነግረኛል። ሕመሜን ግን አታድነውም፤ እንዲህ ብዬም አላውቅም።

አሁን ወደ ስጋቱ ልምጣ። በውሻ አፍ ውስጥ ፓስቱሬላና ካፕኖሳይቶፋጋ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በተለምዶ ይገኛሉ። አብዛኛውን ጤነኛ ሰው አይጎዱም፤ ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣለትን ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመን ሰው ግን ደም እስከ መመረዝ ሊያደርሱት ይችላሉ። ውሻ የላሰው ቁስል ይሽራል የሚለው በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የቆየ አስተሳሰብም በእንዲህ ያለ ቁስል ላይ የሚሞከር አይደለም፤ በምራቁ ውስጥ ባክቴሪያን የሚዋጉ ንጥረ ነገሮች መኖራቸው እውነት ቢሆንም፣ አብረዋቸው የሚገቡት ባክቴሪያዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። በስኳር በሽታ ምክንያት እግራቸው የደነዘዘባቸው ሰዎች ተኝተው ሳለ ውሻ ጣታቸውን እንዳኘከባቸው በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተመዝግቧል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ውሻው አልጋው ላይ እንዲተኛ ባይፈቅድ፣ እግሩንም በየቀኑ ቢያይ፣ ውሻውን ጥሬ ሥጋ ባይመግብ መልካም ነው፤ ጥሬ ሥጋ ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ወደ ውሻው፣ ከውሻውም ወደ ቤቱ ሊያመጣ ይችላልና። ቁስሉ ማመርቀዙን መከታተልም የሰውየው ሥራ ነው። ዙሪያው ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ቢግል፣ ሽታው ቢለወጥ፣ ሕመሙ ቢብስ ወይም ትኩሳት ቢመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ ከውሻ ምልክት መጠበቅ አይገባም።

ጉዳቱ ከሰውየው ወደ ውሻውም መሄዱን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። ለሕመም የምንወስዳቸው ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ክፉኛ ይጎዳሉ፤ ወለል ላይ የወደቀች አንዲት ክኒንም ችላ የምትባል አይደለችም። ዕቃ ሲወድቅ እንዲያነሣ የተሠለጠነ እንስሳ ባለበት ቤት ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም፤ ውሻዬ ክኒን ሲወድቅ ከማንሣት ይልቅ ቆማ እንድታሳየኝ መሠልጠኗም ስለዚሁ ነው። ቆዳ ላይ የሚቀባ የሕመም ማስታገሻም ልብስ ሳይለበስበት ውሻ ሊልሰው ይችላል።

አንባቢው የዘረዘሩት አደጋ ሁሉ እንግዲህ በሥርዓት የሚያዝ ነው። ሥርዓቱን ግን ማን ያውጣው? ልጽፍ ያነሣሣኝ ዋናው ነጥብ ይኸው ነው። የቁስል ሕክምና ዕቅድ ሲዘጋጅ የማሸጊያው ዓይነት፣ ፋሻው የሚለወጥበት ቀን፣ የመድኃኒቱ መጠን ሁሉ ይጻፋል፤ ሕመምተኛው ቀን ከሌት አብሮት ስለሚኖረው፣ ሲራመድ ስለሚደገፈው ውሻ ግን አንድ መስመር አይገኝም። ውሻው ሲነሣም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ይወገድ ለማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የእግር ደም መላሽ ሥሮች ደክመው ቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚወጣ ቁስል ዋና ሕክምናው ጥብቅ ፋሻ ነው። ወደ እግር የሚወርደው ደም በቂ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት በሚለካበት መለኪያ) ገደማ ግፊት እንዲያሳርፍ ተደርጎ ይታሰራል። በዚህ ላይ መራመድ ይመከራል፤ የባት ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋልና። እንዲህ ላለው ሰው በቀን ደጋግሞ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ውሻ የሕክምናው አጋር ነው። በስኳር በሽታ ምክንያት ውስጥ እግሩ ላይ የቆሰለ ሰው ግን ተቃራኒው ይታዘዝለታል፤ ቁስሉ እንዲሽር የሰውነቱ ክብደት እንዳያርፍበት መደረግ አለበት፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ እርምጃም ይጎዳዋል። ይኸው ውሻ በየዕለቱ ይዞት የሚወጣ ከሆነ ሳያውቅ ሕክምናውን ያፈርስበታል፤ እንግዲህ ሌላ ሰው ሊያንሸራሽረው፣ ውሻውም በቤት ውስጥ ሥራ ሊወሰን ይገባል። ሁለቱም ሰዎች ቁስላቸው እግር ላይ ነው፤ ሁለቱም ረዳት ውሻ አላቸው። «ቁስል ያለበት ሰው ውሻ አይያዝ» የሚለው ደንብ ለሁለቱም አይበጅም።

መደገፍም እንዲሁ ነው። ውሻ ላይ ተደግፎ መነሣት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ውሻው በቂ ቁመትና ክብደት ያለው፣ አጥንቱ ጠንክሮ ያለቀ፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ እጀታ ያለው መታጠቂያ የለበሰ ካልሆነ ጀርባው ይጎዳል። ይህን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ነው። የእኔ የቁስል ነርስና የውሻዬ ሐኪም ግን በአንድ ጉዳይ ላይ እየሠሩ መሆናቸውን የሚያውቁት በእኔ አፍ ብቻ ነው፤ ይህም ለሁለቱም የሚያስመሰግን አይመስለኝም።

የሕክምና ተቋማት ነገር ሌላው ነው። አንድ ተቋም ውስጥ ፋሻ ለማስለወጥ ሄጄ ውሻዬ በር ላይ ታስራ እንድትቆይ ተነገረኝ፤ ከመጠበቂያው ወንበር የሚያስነሣኝ ሰው ይመደብልኝ እንደ ሆነ ስጠይቅ ግን መልስ አላገኘሁም። በዚህ ረገድ የአሜሪካው እ.ኤ.አ. የ1990 የአካል ጉዳተኞች ሕግ አተገባበር አስተዋይነት የታየበት ነው። ረዳት ውሻው ሕመምተኞችና ጎብኚዎች ወደሚገቡባቸው ክፍሎች፣ ወደ ምርመራ ክፍልም ጭምር እንዲገባ ይፈቀዳል፤ ከጀርም ነጻ ሆነው መቆየት ወደሚገባቸው እንደ ቀዶ ሕክምናና የቃጠሎ ሕክምና ክፍሎች ግን አይገባም። ጥቅሙ ግልጽ ካልሆነ ሠራተኛው መጠየቅ የሚችለው ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት አስፈላጊ መሆኑንና ምን እንዲሠራ እንደ ሠለጠነ ብቻ ነው። ውሻው ከቁጥጥር ውጪ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ አለመጸዳዳትን ካልለመደ እንዲወጣ ማድረግም ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ደስ ይለኛል፤ መልሱ «ሣጥኔን ይጎትታል፣ ካልሲዬን ያወልቃል» ሲሆን ክርክሩ ያኔውኑ ያበቃል።

ስለዚህ ለቁስል ነርሶችና ሐኪሞች የማቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። ዕቅዱ ሲጻፍ ሕመምተኛው ረዳት ውሻ እንዳለው ይጠየቅ፤ ካለውም ፋሻ ሲለወጥ ውሻው የት እንደሚቆይ፣ ሰውየው ምን ያህል እንዲራመድ እንደሚፈቀድለትና እግሩን ማሳረፍ ሲኖርበት ውሻውን ማን እንደሚያንሸራሽር፣ የታዘዘው መድኃኒትም ለውሻ አደገኛ መሆን አለመሆኑ አብሮ ይሰፍር። ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ በሚመጡት እትሞች አንድ የቁስል ነርስና አንድ የእንስሳት ሐኪም ስለዚህ ጉዳይ በአንድ ገጽ ላይ እንዲጽፉ ብትጋብዙ፣ እኔም ደብዳቤያቸውን ያነበብኩላቸው አንባቢም ብዙ እንጠቀማለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ