የአያትህን ቀረጻ አታጽዳው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ጋቢ ሳልደርብ ከቤት አልወጣም።

የሠራኸውን ድረ ገጽ በእህትህ ስልክ ደጋግሜ አየሁት። በጣት ሲነኩት የሚጮኸውን ክራር ወድጄዋለሁ። እህትህማ አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን እየቀያየረች የእያንዳንዱን አምስት ድምፅ ስትነካካ ምሳዋን ረስታ ነበር። ሆኖም ድምፆቹ የፒያኖ ልክ ይዘዋል። ክራር መቺ ክሩን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሆነ የዛሬው ቅኝት ከትናንቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። የእያንዳንዱ ድምፅ ልክ በሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ የሚሰጥ ቁጥር ከሆነ ጎብኚው ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግበት ቦታ ብታበጅለት መልካም ነው። ገጹ እንደተከፈተ ሙዚቃው በራሱ መጀመሩንም አቁመው፤ ሰው ሲፈልግ ነክቶ ይስማ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን አያትህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ በአጎትህ ሠርግ ላይ ማሲንቆ ሲጫወቱ የተቀረጸው ድምፅ ነው። «ጫጫታ ስለበዛበት በኮምፒውተር አጽድቼ እለጥፈዋለሁ» ብለኸኛል። እባክህ ልጄ፣ አታጽዳው። በማሲንቆ ጨዋታ አድማጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ ተጫዋቹ ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ግጥሙን በዜማ ይመልሳል፤ ዳሱ በሳቅና በእልልታ ይሞላል። አንተ ጫጫታ ያልከው ውስጥ ግጥም የሰጡት ሰዎች ድምፅ አለ። እሱን ብታጠፋው ግጥሙ ሁሉ የአያትህ ይመስላል። እሳቸው ደግሞ የሰው ግጥም የራሳቸው ተደርጎ ሲነገር ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም።

ሳቁንም ተወው። ከግጥሞቹ ብዙዎቹ ሰምና ወርቅ ናቸው። ከተማ ያደገ ሰው ሰሙን ብቻ ሰምቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ሰዎቹ የት ላይ እንደሳቁ ከሰማ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ወርቁን ይፈልጋል። እኔ ራሴ ሁለተኛውን ግጥም የፈታሁት በዚያ ሳቅ ነው።

ከቀረጻው በታች የአያትህን ስም፣ ቦታውን፣ ዓመተ ምሕረቱንና እያንዳንዱን ግጥም ማን እንደሰጠ ጻፍ። አጎትህ ሰዎቹን በድምፃቸው ይለያቸዋል።

ግጥሞቹን በእጅ ጽፈህ በፎቶ ለማስገባት ማሰብህንም እህትህ ነግራኛለች። በፊደል ተይባቸው። በፎቶ ውስጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ በፍለጋ በቀላሉ አይገኝም፤ ዓይኑ የማያይ ሰውም በስልኩ አስነብቦ ለመስማት ይቸገራል። በጸሐፊነት ስሠራ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ የአማርኛ ፋይል ስንከፍት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ተደርድሮ እናገኝ ነበር፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ በየራሱ መንገድ ያስቀምጥ ስለነበረ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ «ሀ» ብለህ ብትጽፍ በየትኛውም አገር ባለ ኮምፒውተር ያው «ሀ» ነው። ይህን ያህል ተደክሞበት የተገኘ ነገር እያለ ወደ ፎቶ መመለስ ያሳዝነኛል።

ዋናውን ቀረጻ ሳትነካካ በፍላሽ ገልብጠህ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለአጎትህ ላክ። ጂኦሲቲስ የሚባለው ሰዎች የግል ገጻቸውን በነፃ የሚሠሩበት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀምሮ በ2009 ሲዘጋ፣ ከገጾቹ ብዙዎቹ የተረፉት በበጎ ፈቃደኞች ተገልብጠው ስለነበር ነው። ያንተም ገጽ አንድ ቀን ክፍያው ቢቋረጥ ይጠፋል።

አጎትህ ለፋሲካ ወደ መንዝ ይሄዳል። ግጥም ከሰጡት መካከል በሕይወት ያሉትን አሰምቶ ፈቃዳቸውን እንዲጠይቅልህ ነግሬው እሺ ብሏል። እሱ እስኪመለስ ገጹ ላይ አታውጣው።

እናትህ፣
ደብረ ብርሃን