ግራ ፍሬቻ ሲበራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ጅማ የሚደርሰን ቀን ቆጥሮ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤዬ ቢዘገይ አትፍረዱብኝ። ሰሞኑን በቀልድ ገጻችሁ ላይ እኛ አገር መኪና መንዳት ስላቃተው ፈረንጅ ያወጣችሁትን አነበብኩ። መጀመሪያ ሳቅሁ። በማግስቱ ያየሁት ግን ሳቁን አስረሳኝ።

መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች በባጃጅ ነበር የምሄደው። ፈረንጅ አራዳ ስንደርስ ከፊታችን አንዲት ነጭ የቤት መኪና ቆማለች። ነጂው የውጭ አገር ሰው ነው፤ እዚህ ከሚያስተምሩት አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ዜብራው ጋ ቆሞ እግረኛዋን ይጠብቃል። እግረኛዋ ደግሞ ዘንቢሏን ይዛ እሱ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። መኪና ቆሞ ያሳልፈኛል ብሎ የሚያስብ ማን አለና! ሁለቱ ተፋጠው ቀሩ። በግራም በቀኝም ባጃጆች ይሾልካሉ። የኔው ልጅ ክላክሱን አንዴ ከያዘ አልለቀቀም።

«ፈረንጁ ተኛ እኮ፣ ማዘር!» አለኝ ዞር ብሎ።

አጠገቤ ያሉት ተሳፋሪዎች ሳቁ። በጎኑ ስናልፍ ሰውየውን አየሁት። መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ጆሮው ቲማቲም መስሏል። ያንን ጆሮ አውቀዋለሁ። የኔ ጆሮ ባይቀላም እንደዚያ ግሎ ያውቃል። ሜክሲኮ ነበር።

አደባባዩን ማለቴ አይደለም፤ አገሩን ነው። (እነሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ የምድር ባቡር ጣቢያ አላቸው፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሳየው እንባዬ መጣ፤ ይህ ግን ሌላ ወሬ ነው።) ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ቬራክሩዝ በሚባለው ግዛት በቡና በሽታ ላይ ስሠራ ቆይቻለሁ። የምኖረው ሃላፓ ነበር፤ የግዛቱ ዋና ከተማ። አጠገቧ ኮአቴፔክ የምትባል የቡና ከተማ አለች። ዳገት፣ ጭጋግ፣ ካፊያ፣ የቡና አበባ ሽታ። ጅማ ያለሁ ነበር የሚመስለኝ። የሸወደኝም እሱ ነው። አገሩ ከመሰለ መንገዱም ይመስላል ብዬ ነበር።

ደግሞ በመንዳት አልታማም። አባቴ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ልጅ ሆኜ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦኝ የግቤን ቁልቁለት ስንወርድ የመንገድ ቋንቋ አስተምሮኛል። ከፊትሽ ያለው ከባድ መኪና ቀኝ ፍሬቻ ካበራልሽ «እለፊ፣ መንገዱ ነጻ ነው» ማለቱ ነው። ግራ ካበራ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ከፊት የሚመጣ አለ» ማለቱ ነው። መንጃ ፈቃድ ስፈተን ይህን የጠየቀኝ የለም። ከጅማ አዲስ አበባ ባለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ግን ነፍሴን ያቆየልኝ እሱ ነው።

ሜክሲኮ ውስጥ ነገሩ ግልብጥ ነው። ግራ ፍሬቻ ነው «እለፊ»።

ይህን ማንም አልነገረኝም። ያገለገለች ቮልስ ገዝቼ ነበር። እነሱ «ቮቾ» ይሏታል፤ በዓለም የመጨረሻዋ የድሮ ሞዴል ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው እዚያው ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከተማ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያች ቮልስ መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስወርድ ፊቴ ሸንኮራ አገዳ የጫነ ከባድ መኪና ገጠመኝ። እየተንቀረፈፈ ነው። ተጠጋሁት። ግራ ፍሬቻውን አበራ። አባቴ ጆሮዬ ላይ «አርፈሽ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሰውየው ያበራል፣ እኔ እጠብቃለሁ። ከኋላዬ ሰባት ስምንት መኪና ተሰለፈ። ክላክሱ ቀለጠ። ሾፌሩ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ያውለበልብ ጀመር። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት አደጋ ቢመጣ ነው እንዲህ የሚያስጠነቅቀኝ ብዬ ጭራሽ ፍጥነቴን ቀነስኩ!

ቢሮ ደርሼ ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ አስረዱኝ። እኔም ተማርኩ ብዬ ኮራሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ግራ ፍሬቻ ሊገድለኝ ነበር። ፊቴ ያለው ፒክአፕ ግራ አበራ፤ «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሰውየው ግን የእውነቱን ወደ ግራ ወደ እርሻው ሊታጠፍ ኖሯል። ቮልሴ በሁለት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። እሱም ወርዶ መጣ፤ ሁለታችንም እግራችን ይንቀጠቀጣል። አንዱ መብራት ሁለት ትርጉም አለው፤ «እለፊኝ» እና «ልታጠፍ ነው»። የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? አብረውኝ ከሚሠሩት አንድ ሽማግሌ ሲነግሩኝ ዘዴው ይህ ነው፦ በግራ በኩል መግቢያ መንገድ ወይም የግቢ በር ካለ የመብራቱን ነገር እርሺው፣ ወደኋላ ቅሪ። ደግሞ ጨዋ ሾፌር በአውራ ጎዳና ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ሲፈልግ መሀል ላይ አይቆምም አሉኝ። ወደ ቀኝ ወጥቶ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይጠብቃል፤ ሁለቱም አቅጣጫ ጭር ሲል ተሻግሮ ይገባል። ግራ ለመሄድ ቀኝ መቆም! ስሰማው እብደት መሰለኝ። ለካ ለዚያ ነው ግራ ፍሬቻን ለሌላ ወሬ ያዋሉት።

ሌላው ቶፔ ነው። እኛ ስፒድ ብሬከር የምንለው። መንደር መግቢያ ላይ አለ፣ መውጫው ላይ አለ፣ ትምህርት ቤት ጋ አለ፣ ሰው በራሱ ሲሚንቶ ደጁ ላይ የሠራውም አይጠፋም። ቀለም የተቀባ ካለ እድለኛ ነሽ። ብዙው ከአስፋልቱ ጋር አንድ መልክ ነው፤ በዚያ ላይ የዛፍ ጥላ ካረፈበት አለቀ። የመጀመሪያው ቀን ጭንቅላቴ ከቮልሷ ጣሪያ ጋር ተዋወቀ። ጎረቤቴ ጡረታ ወጥቶ የመጣ አሜሪካዊ ነበር። ከቤቱ እስከ ገበያ አሥራ አራት ቶፔ ቆጥሯል። ስመጣ ይቆጥር ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ስሄድም ይቆጥር ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቶፔ ባለበት ሁሉ መኪናው ዝግ ስለሚል ሻጭ አለ። ብርቱካን፣ ኦቾሎኒ፣ የተጠበሰ ሙዝ፤ ልክ ወልቂጤ ላይ የአውቶቡስ መስኮት እንደሚከቡት። ስለዚህ ምልክት መፈለግ ተውኩ። መንገድ ዳር ብርቱካን ያንጠለጠለች ሴት ካየሁ ፍሬን እይዛለሁ። አንድም ቀን ዋሽታኝ አታውቅም።

እዚያው ቶፔ ላይ ግን አንዴ ከኋላ ታክሲ ገጭቶኛል። መኪኖቹን አታንቀሳቅሱ ተባልን። እዚያ ግጭት ሲኖር የኢንሹራንሱ ሰው ራሱ መንገድ ላይ ይመጣል፤ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይጽፋል። እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ባለታክሲው መጀመሪያ ሲጮህብኝ ቆይቶ ሲሰለቸው ሄዶ ታማል ገዝቶ መጣ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥ ነው፤ ውስጡ ሥጋ አለው። የእናቴን የኮባ ዳቦ አስታወሰኝ። የገጨኝ ሰው ምሳ ጋብዞኝ ተለያየን።

የመኪና ማቆሚያ ልጆቹን ሳይ ደግሞ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ጨርቅ እያወዛወዙ «ቢየኔ፣ ቢየኔ» ይላሉ። «ይመጣል፣ ይመጣል» እንደማለት ነው፤ በኛ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!»። ከኋላሽ ግንብ ቢኖርም «ቢየኔ» ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም ቀንቼባቸዋለሁ። በአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ላይ መኪና ሲበላሽብሽ በነጻ የሚረዱ አረንጓዴ መኪኖች አሉ፤ መንግሥት ነው የሚያሰማራቸው። «አረንጓዴ መላእክት» ይባላሉ። 078 መደወል ነው። የኔዋ ቮልስ ቺንጋዋ ተበጥሶ ስትቆም ሁለት ሰዎች መጡ፤ ሠርተው፣ ሰላም ብለው ሄዱ። አባቴ ቢሰማ አያምነኝም ነበር። እሱ ሲበላሽበት ቅጠል ቆርጦ ድንጋይ ደርድሮ ያድር ነበር። (ድንጋዩን ሳያነሱ የሚሄዱትን በተመለከተ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።)

አሁን ጆሮዬ የጋለበትን ልንገራችሁ። ሃላፓ መንገዷ ጠባብ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው። መብራት የሌለው መስቀለኛ ብዙ ነው። እዚያ «ኡኖ ፖር ኡኖ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ አንድ በአንድ። ከዚህ አንድ መኪና ያልፋል፣ ከዚያ አንድ ያልፋል፣ ደግሞ ከዚህ አንድ። ትራፊክ የለም፣ ፊሽካ የለም። ከተማዋ በዚህ ነገር ትታወቃለች። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እንደ ጅማ ልጅ ከፊቴ ካለው መኪና ኋላ ተለጥፌ ገባሁ። ሁሉም ቆሙ። ክላክስ አልነፉም፤ ቢነፉ ይሻለኝ ነበር። ከፊት ለፊቴ አንዲት ሽበታም ሴት መሪ ይዘዋል። አዩኝ። አንድ ጣታቸውን አነሱ። አንድ። አልተቆጡም፤ ለልጅ ቁጥር እንደሚያስተምር ሰው ነው ያሳዩኝ። መስቀለኛው መሀል ቆሜ የምገባበት ጠፋኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ ተራ አልበላሁም።

አባቴ ስለ 1956 ዓ.ም. ሲያወራ ይህንኑ መንገድ ላይ እንግዳ የመሆን ነገር ይለን ነበር። ያኔ አገሩ በሙሉ በግራ መንዳት ትቶ ወደ ቀኝ ዞረ። «ማታ ሾፌር ሆነን ተኛን፣ ጠዋት ፈረንጅ ሆነን ተነሳን» ይላል። መሪው ላይ በቀኝ በኩል ቀይ ክር አስሮ ለወራት ነዳ፤ እንዳይረሳ። በገዛ መንደሩ፣ በገዛ መንገዱ።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። ቀልዱን አትተዉ፤ እኔም እስቃለሁ። ግን ከጎኑ ጥቂት መስመር ለቃችሁ የኛን የመንገድ ቋንቋ ጻፉልን። ለፈረንጁ ብቻ አይደለም፤ ከዲያስፖራ ለሚመጡትም፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ ላወጡ ልጆቻችንም ይሆናል። ቀኝ ፍሬቻ ምን እንደሆነ፣ ግራው ምን እንደሆነ። አስፋልት ላይ ቅጠል ሲታይ ከኩርባው ማዶ የቆመ መኪና እንዳለ። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲመታ ደግሞ አንዴ «እለፍ»፣ አንዴ «መጣሁብህ»፣ አንዴ «ትራፊክ ቆሟል» ማለቱ እንደሆነ። ይህችኛዋን ስትጽፉ እግረ መንገዳችሁን ለኛም ብታስረዱን ደስ ይለኛል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እኔም እስከ ዛሬ በግምት ነው የምነዳው።

አንዱን መብራት ለሁለት ሥራ ማዋል ግን፣ የሜክሲኮም ይሁን የኛ፣ እኔ አልወደውም። ቦይ ውስጥ ገብቼ አይቼዋለሁ።

መኪናዬ ቅዳሜ ከጋራዥ ወጣች። ፈረንጅ አራዳ ስደርስ አምሮኝ አንድ በአንድ ልሞክር አልኩ። ቆምኩና አንዱን ባጃጅ በእጄ «እለፍ» አልኩት። አለፈ። ተራዬ ነው ብዬ ማርሽ ሳስገባ ሁለተኛው ተለጥፎ አለፈ። ሦስተኛውም። ጣቴን አነሳሁ፤ አንድ! ሦስተኛው ሰላምታ መስሎት እጁን አወዛወዘልኝ። አራተኛው ግን ቆመ። የእውነት ቆመ። አየኝ፣ ጣቴን አየ። እኔ በደስታ ማርሹ ጠፍቶኝ ስንደፋደፍ አንገቱን አውጥቶ እንዲህ አለኝ፦

«እለፊ እንጂ ማዘር፣ ተኛሽ እኮ!»

ከአክብሮት ጋር
የኤንትሬ ሾፌር ልጅ፣ ከጅማ